የጊዮርጊስ ጽጌረዳ ለእትዬ ሞንሴ

ባለፈው ኖቬምበር መግቢያ ላይ ልጄን ይዤ የአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ፣ በወንዙ ዳር ባለው አሮጌ ሰፈር ስናልፍ አንድ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ቼስትነት የሚባለውን ፍሬ በብረት ምጣድ ይጠብስ ነበር። መጀመሪያ ያረረ ልጣጭ ሸተተኝ፤ ቀጥሎ ከልጣጩ ሥር የተጠበሰ ስኳር ድንች የመሰለ ጣፋጭ ሽታ መጣ። ቆምኩ። ልጄም ቆመ፤ ከጠዋት ጀምሮ ተኮራርፈን ስለነበር ግን ለምን እንደቆምኩ አልጠየቀኝም።

የተኮራረፍነው በቃል ምክንያት ነው። በርክ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ጋሼ ይልማ የሚባሉ የቤተሰባችን ወዳጅ ሰማንያ ዓመት ሲሞላቸው ቫዮሊን ሊጫወትላቸው ልጄ ቃል ገብቶ ነበር። በዕለቱ ሆዴን አመመኝ ብሎ ቀረ። በኋላ ስጠይቀው፣ "ዳድ፣ የሚቀጥለው ሳምንት መስሎኝ ነው፣ ሶሪ" አለኝ በእንግሊዝኛ። አንድ ሰው ለአንድ ነገር ሁለት ምክንያት ካቀረበ ሁለቱም ውሸት ናቸው። ይህን ከማንም አልተማርኩም፤ በእሱ ዕድሜ ራሴ ሠርቼው ነው የማውቀው።

ያን ጊዜ ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑም በፈረንጅ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ ቀይ የጡብ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። አባቴ አሌክሳንድሪያ ታክሲ ይነዳል፤ እናቴ ሆቴል ትሠራለች። አሜሪካ ከገባን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነበር።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ አምስት ወረቀትና ክራዮን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። "ወንድ ልጅ አበባ ሳይሰጥ ዓመት አይለወጥም" አለች። አምስት አበባ ሣልኩ። በሕንጻው ውስጥ የነበሩት የእኛ ሰዎች ግን አራት ቤት ብቻ ስለነበሩ አንዱ ሥዕል ተረፈኝ። ይዤው ስመለስ በኮሪደራችን ጫፍ ያለው በር ተከፍቷል። አንዲት ነጭ አሮጊት ጥሩ ልብስ ለብሰው፣ ወንበር ላይ ወጥተው፣ መስኮታቸው ላይ ባንዲራ ይሰቅላሉ። ባንዲራው ቢጫና ቀይ፣ ቢጫና ቀይ ነው።

እሳቸውም እንቁጣጣሽን እያከበሩ መሰለኝ። አረንጓዴው አልቆባቸው ይሆናል ብዬ ወደ ቤት ሮጬ አረንጓዴ ክራዮኔን አመጣሁላቸው።

"ይሄ ለምንድን ነው?" አሉኝ።

"ለባንዲራው። አንድ ቀለም ጎድሎታል።"

ከወንበሩ እስኪወርዱ ድረስ ሳቁ። ከዚያ አስቀምጠው አስረዱኝ። አገራቸው በባርሴሎና በኩል ነው፤ ሕዝቡ ካታላን ይባላል፤ ሴፕቴምበር 11 ደግሞ ድሮ ከተማቸው በጦር የተያዘችበት ቀን ነው።

"ታዲያ የተሸነፋችሁበትን ቀን ታከብራላችሁ?" አልኳቸው።

"ያሸነፈ ሰው ሌላው ያስታውስለታል" አሉ። "የተሸነፈ ግን ራሱ ካላስታወሰ ማን ያስታውስለታል?"

የተረፈውን ሥዕል ሰጠኋቸው። ጽጌረዳ ነበር፤ ቢያንስ እኔ ጽጌረዳ ብዬ ነው የሣልኩት። ሥዕሉን እንደያዙ ነገሩኝ። በአገራቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ወንድ ለሴት ጽጌረዳ፣ ሴት ለወንድ መጽሐፍ ይሰጣጣሉ። ባለቤታቸው አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ዓመት ሳያጓድሉ ሰጥተዋቸዋል፤ አሁን ግን ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም።

"እኔ አመጣልዎታለሁ" አልኩ። "የተሣለ አይደለም፤ እውነተኛውን።"

ቀልዴን መሆኑን ለማየት ፊቴን አጤኑ። "ኤፕሪል ሃያ ሦስት ነው" አሉ። "ካመጣህ መጽሐፍ አለህ።" እጄን ጨብጠው ተስማማን። ስማቸው ሞንሴ ነበር። ቤት ገብቼ "ሞንሴ" ብዬ ሳወራ እናቴ ቆጣ ብላ፣ "እትዬ ሞንሴ በል! ነጭ ቢሆኑስ? ትልቅ ሰው ትልቅ ሰው ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ሞንሴ ሆኑ። ትርጉሙን ስነግራቸው በሰባ ዓመታቸው ታናሽ ወንድም በማግኘታቸው በጣም ተደሰቱ።

አባቴ ግን አልሳቀም። "ቃል ሰጠህ?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"እንግዲያው ታመጣለህ። እኔ ግን አልገዛልህም። ሰው የራሱን ቃል በአባቱ ኪስ አይፈጽምም።"

ቀኑን እንዳልረሳ የወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ሄድኩ። አባቴ ወራትን ሲያስጠናኝ ኤፕሪል ሚያዝያ ነው ብሎኛል። ሚያዝያን ገለጥኩ፤ ሃያ ሦስት ላይ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ተቀምጧል። ወሩ ገጠመ፣ ቁጥሩ ገጠመ፣ ቅዱሱም ገጠመ። በእርሳስ ከበብኩት። በዓላችንን በአንድ ቀን ያከበርን ሰዎች ሌላው ቀናችን ይለያያል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

በኦክቶበር የሕንጻው ጥገና ሠራተኛ በደጃፋችን የነበረውን የአበባ መደብ ነቅሎ ሲጥል አንዲት ትንሽ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ከነሥሯ ለመንኩት። "ይቺ ሞታለች" አለኝ። አልሞተችም አልኩት፤ ግን አላውቅም ነበር። በትልቅ የቲማቲም ጣሳ ተከልኳትና የመስኮታችን ደፍ ላይ አስቀመጥኳት። ጠዋት ፀሐይ በመኝታ ቤት ነው የሚገባው፤ ከሰዓት በሳሎን። ስለዚህ ሳልታክት ጠዋት እዚያ፣ ከሰዓት እዚህ እየተሸከምኩ አዞራት ነበር። እናቴ፣ "ይቺ ጣሳ ከእኔ የበለጠ ቤቱን ታውቀዋለች" ትል ነበር።

ኖቬምበር አንድ እትዬ ሞንሴ ቼስትነት ጠበሱ። ያ ሽታ በኮሪደሩ መጥቶ በእኛ በር ሥር ገባ። በአገራቸው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ላይ ቼስትነት ይበላል፤ ሙታንም ይታሰባሉ። ከለውዝ የተሠሩ ትንንሽ ድቡልቡል ጣፋጮችም ነበሩ። በባለቤታቸው ወንበር ፊት ለፊት አምስት ፍሬ በሳህን አስቀመጡ። እኔ ደግሞ ቢሞቱም ለዛሬ ሰውየው ይመጣሉ ብዬ በሩን እያየሁ መብላት አቃተኝ።

"ማንን ነው የምትጠብቀው?" አሉኝ።

"ባለቤትዎን። ፍሬው እየቀዘቀዘባቸው ነው።"

"እሱ ሁልጊዜም ያረፍድ ነበር" አሉና ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። "አንተ ብላለት።" በላሁላቸው። የሞተ ሰው ምግብ በልቼ ምን እሆን ይሆን ብዬ ሳምንት ሙሉ ሆዴን አዳመጥኩ።

ዲሴምበር ላይ ደግሞ ግንዱ መጣ። እትዬ ሞንሴ አንድ ክንድ የሚያህል ግንድ ዐይንና አፍ ሥለውለት፣ ቀይ ቆብ አድርገውለት፣ ወገቡን በብርድ ልብስ ሸፍነው ሳሎን ውስጥ አስቀመጡት። ማታ ማታ መመገብ አለበት። የገና ዋዜማ በዱላ ሲመታ ጣፋጭ ያወጣል። በየት በኩል እንደሚያወጣም ሳያፍሩ ነገሩኝ። ለእናቴ ስነግራት የያዘችው ጭልፋ በአየር ላይ ቀረ።

"ግንዱ ምን ያደርጋል?"

"ካካ። ከረሜላ ነው ካካው።"

"በስመ አብ! እኒያ የመሰሉ ሴትዮ!"

የገና ጾም ላይ ነበርን። ግንዱን እንዳላስገድፍ ብዬ የጾም ምግብ ብቻ ነበር የምሰጠው፤ የብርቱካን ልጣጭ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ባቄላ። ጠዋት ስመጣ ሁሉም የለም። መብላቱን በዐይኔ አረጋገጥኩ። ዲሴምበር 24 እሳቸው እየዘፈኑ እኔ በዱላ ደበደብኩት፤ ብርድ ልብሱ ሲገለጥ የደረቀ በለስና የለውዝ ከረሜላ ተከምሯል። ከረሜላው እንቁላል ስላለበት እናቴ እስከ ገና ድረስ ፍሪጅ ላይ ሰቀለችብኝ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ጣፋጭ የሰጠው ግንድ ደረቅ እንጨት ነው፤ ጽጌረዳዬም በብርዱ ወራት ደረቅ እንጨት መስላለች። እንግዲህ ተሸፍኖ፣ በልቶ፣ ተመቶ የማይሰጥ እንጨት የለም ብዬ ደመደምኩ። ጽጌረዳዬን በፎጣ ሸፍኜ አሥር ቀን የብርቱካን ልጣጭ መገብኳት። ልጣጩ እዚያው ሻገተ። ምናልባት ዱላው ነው የቀረው ብዬ በእንጨት ማንኪያ መታኋት። ከሁሉ የምትወፍረው፣ ቡቃያ መያዝ የጀመረችው ቅርንጫፍ ቀጭ ብላ ተሰበረች።

አላለቀስኩም ብል ዋሸሁ። አባቴ የተሰበረውን አንሥቶ አየና፣ "ማን አስተማረህ ሲመቱት የሚሰጥ ነገር አለ ብሎ?" አለኝ። እሱ ራሱ አንዳንድ ጊዜ ይመታኝ ስለነበር ጥያቄው አስገረመኝ።

የጃንዋሪ አምስት ማታ በእትዬ ሞንሴ አገር ሰብአ ሰገል በግመል መጥተው ለልጆች ስጦታ ያስቀምጣሉ። ጫማ በረንዳ ላይ ይደረጋል፤ ለግመሎቹም ውኃ። "ከሦስቱ ነገሥታት አንዱ ጥቁር ነው" ሲሉኝ በእኛ በኩል የመጣ መሆኑ አላጠራጠረኝም። ስለዚህ ደብዳቤዬን በአማርኛ ጻፍኩ፤ ለአገሬ ንጉሥ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነውር መሰለኝ። "ጃንሆይ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ነዎት? ጽጌረዳዬን ሰብሬያታለሁና እስከ ጊዮርጊስ ያድኑልኝ" ይላል። ደብዳቤውን ለእትዬ ሞንሴ ሰጠሁና ጫማዬን ከአንድ ባልዲ ውኃ ጋር በረንዳችን ላይ አወጣሁ።

በማግሥቱ ባልዲው በረዶ ሆኗል። ጫማዬ ውስጥ ግን ከረጢት ሙሉ ጥቁር አፈር ነበር። ንጉሡ አፈሩን ከአገር ቤት ድረስ በግመል ያመጣው መስሎኝ አንዲት ቅንጣት እንኳ ሳትፈስ ጣሳው ውስጥ ጨመርኩት። አባቴ ከረጢቱን አገላብጦ የሱቁን ምልክት አየ፤ ከዚያም ምልክቱን ልጦ ኪሱ ከተተው። ደብዳቤዬን ለእትዬ ሞንሴ ያነበበችላቸው እናቴ መሆኗን፣ እሳቸው የገዙትን ከረጢትም ጫማው ውስጥ ያስገባችው እሷ መሆኗን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

አፈሩ ሠራ። ማርች ላይ ከስብራቱ በታች ቀይ ቅጠል ወጣ። ከፋሲካ በፊት አንዲት እንቡጥ ታየች። አንዲት ብቻ። በየቀኑ ጠዋት ካላንደሩ ላይ የከበብኩትን ቀን እቆጥራለሁ፤ ከዚያ እንቡጧን አያለሁ። ትደርሳለች አልኩ። በእኔ ቆጠራ ትደርስ ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ወደ ሕንጻችን ሲታጠፍ በመስኮት አየሁ። እትዬ ሞንሴ በደጃፉ ታጣፊ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ በላዩ መጽሐፍ ደርድረው፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት የለበሱትን ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። በመጽሐፎቹ መካከል ውኃ የተሞላ ጠርሙስ አለ። ጠርሙሱ ውስጥ ምንም የለም።

ኤፕሪል 23 ነበር። የእኛ ሚያዝያ 23 የሚውለው ከዚያ ስምንት ቀን ቆይቶ ነው፤ ያንን ግን ገና አላወቅሁም። ያወቅሁት አንድ ነገር ነው፤ ቀኑ ዛሬ ነው፤ የእኔ እንቡጥ ደግሞ ከላይዋ ቀጭን ቀይ መስመር ከማሳየት በቀር እንደ ጡጫ ተጨብጣለች። ከአውቶቡሱ ወረድኩ። እሳቸው ወደ መንገዱ እያዩ ነው። ሄጄ "አልደረሰችልኝም" ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው። አላልኩም። በቆሻሻ መጣያዎቹ በኩል ዞሬ፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል የኋላ በር ገባሁ።

እራት ላይ አባቴ፣ "እትዬ ሞንሴ ዛሬ ደጅ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ምንድን ነው?" አለ።

ካላንደሩን አመለከትኩ። "ጊዮርጊስ እኮ ገና ነው፣ አባዬ። በእርሳስ የከበብኩትን እይ።"

አባቴ ተነሥቶ አየ፤ ከዚያ የራሱን ግንባር በመዳፉ መታ። "የእኔ ጥፋት ነው! የእኛ ቀን ከእነሱ ይለያል፤ የእኛ 23 በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ወር ሳስተምርህ ይህን አልነገርኩህም። አይዞህ፣ ስሕተቱ የካላንደሩ ነው።"

አባቴ ጥፋቱን ሲያምን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል፤ ቀጥተኛው ሰው የእኔን ነውር በራሱ ላይ ሲያነሣ እኔ ምስር እበላ ነበር።

ስምንት ቀን በኋላው በር ወጣሁ ገባሁ። ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ እንቡጧ ፈንድታለች። ቤቱ ሁሉ እሷን ይሸት ነበር። እናቴ ነጭ ሸሚዜን ተኮሰች። አባቴ ቢላ ሰጠኝና፣ "የሰጠኸው ቃል አበባውን እንጂ ጣሳውን አይደለም፤ ቁረጣት" አለኝ። ሰባት ወር የተሸከምኳትን መቁረጥ ከባድ ነበር። ቆረጥኳት።

በሩን አንኳኳሁ። እትዬ ሞንሴ ከፈቱ። ጽጌረዳዋን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

"እናትህ ነገረችኝ" አሉ። "ካላንደራችሁ ሌላ ነው አለችኝ። የእናንተ ጊዮርጊስ ዛሬ ነው፤ ስለዚህ በቀንህ መጥተሃል።"

ይቅርታው ተዘጋጅቶ ተቀምጦልኝ ነበር። አባቴ ሰጥቶኛል፣ እናቴ አድርሳልኛለች፣ እሳቸውም ተቀብለዋል። የቀረኝ ራሴን በአዎንታ መነቅነቅ ብቻ ነው። አበባዋን በሁለት እጄ ጨብጬ ስለነበር እሾኹ መዳፌን ይወጋኝ ነበር፤ አልለቀቅኩም።

"አይደለም፣ እትዬ" አልኩ። "በዚያ ቀን አየሁዎት። ከአውቶቡሱ ሆኜ አየሁዎት። አልፈነዳችም ነበርና በኋላው በር ገባሁ።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጽጌረዳዋን ተቀብለው፣ ጠረጴዛቸው ላይ እስከዚያ ቀን ውኃ ተሞልቶ ወደ ነበረው ጠርሙስ ሄደው አስገቧት።

"እንቡጧን ብታመጣልኝ እኮ" አሉ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ "እዚህ፣ እኔ ቤት ትፈነዳ ነበር። ስምንቱን ቀን አብሬያት እጠብቅ ነበር።"

ከዚያ መጽሐፉን ሰጡኝ። ስለ ዛፎች የተጻፈ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ውስጡ ስሜን ጽፈው "ኤፕሪል 23" ብለዋል። ቀኑን ያርሙታል ብዬ ብዕሩን አየሁ፤ አላረሙትም። ያንን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ ጨረስኩት። ኮሌጅ አልገባሁም፤ ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ የጀመረው ከእሱ ነው። በከፈትኩት ቁጥር ግን በመጀመሪያ የማገኘው ያ ቀን ነው። መጀመሪያ ላይ የተሳሳተው ካላንደሩ ነው፤ በኋላው በር የገባሁት ግን እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ አሌክሳንድሪያ፣ ቼስትነቱ እስኪበስል ቆመን ለልጄ ነገርኩት። በወረቀት የተጠቀለለውን ተቀብዬ እጁ ላይ አደረግኩለት። ትኩስ ነበር።

"ጋሼ ይልማ ቼስትነት ይወዳሉ?" አለኝ።

"አላውቅም። ሄደን እናያለን።"

"ግን ዳድ፣ ዘፈኑን አሁንም አልቻልኩትም። መሐሉ ላይ ይጠፋብኛል።"

"እስከሚጠፋብህ ድረስ ተጫወትላቸው።"

መኪናችን ዘንድ ደረስንና የኋላውን በር ከፈተ። ቫዮሊኑ ወንበሩ ላይ ነበር። ጠዋት ከቤት ስንወጣ እኔ ነኝ ያስገባሁት።